«ልብ ብቸኛ አዳኝ ነው»፦ ስለ ልቦለዱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን መጽሐፍ ለሰው ባዋስኩ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። አንዳንዱ ገና ሳይጀምር ይጠይቃል፤ አንዳንዱ መሃል ላይ ደርሶ «እስከ መጨረሻው እንዲህ ነው እንዴ?» ብሎ ይደውላል። መልሶቹን አንድ ቦታ ሰብስቤያቸዋለሁ። የታሪኩን ምስጢር የሚያወጡት ጥያቄዎች ላይ «ምስጢር ያወጣል» ብያለሁ፤ መጽሐፉን ያላነበባችሁ እነሱን ዝለሏቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉ ስለ ምንድን ነው?

ካርሰን ማክለርስ በ1940 ያሳተመችው የመጀመሪያ ልቦለዷ ነው። የእንግሊዝኛ ርዕሱ «ዘ ኸርት ኢዝ ኤ ሎንሊ ሀንተር» ይባላል። ጸሐፊዋ በ1917 በጆርጂያ ግዛት፣ ኮለምበስ ከተማ ተወለደች፤ መጽሐፉ ሲወጣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበረች። ይህን ለሰው ስነግር የሚያምነኝ ጥቂት ነው።

ታሪኩ የሚካሄደው በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ ስሟ ባልተጠቀሰ የጥጥ ፋብሪካ ከተማ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ጆን ሲንገር የተባለ መስማትና መናገር የተሳነው ሰው አለ፤ በጌጣጌጥ ቤት የብር ዕቃ ላይ ይቀርጻል። ብቸኛ ጓደኛው፣ እንደ እሱው መስማት የተሳነው ግሪካዊው አንቶናፑሎስ፣ የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ይገባል። ሲንገር ብቻውን ይቀርና አንድ ቤተሰብ የሚያከራየው ክፍል ውስጥ ይገባል። ከዚያ አራት ሰዎች በየተራ በሩን ማንኳኳት ይጀምራሉ፦ ሙዚቃ ያሰከራት ልጅ ሚክ፣ ሰካራሙ አብዮተኛ ጄክ ብላውንት፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚከፈት ካፌ ያለው ቢፍ ብራነን፣ እና ጥቁር ሐኪም የሆኑት ዶክተር ቤኔዲክት ኮፕላንድ።

እውነት ያን ያህል ጨለማ ነው?

ነው። አላቆላምጠውም። ራሱን የሚያጠፋ ሰው አለ፤ እስር ቤት ውስጥ አካሉ የሚጎድል ወጣት አለ፤ ሕፃን ልጅ በሌላ ሕፃን እጅ በጥይት ትመታለች፤ አንድ አረጋዊ ሐኪም በሕግ አስከባሪ ይደበደባሉ። አሁን ከባድ ጊዜ ላይ ያላችሁ ሰዎች ለሌላ ወቅት ብታቆዩት አይከፋኝም።

እንዲህም ሆኖ ከእጅ አይወርድም። ምክንያቱ ይመስለኛል አቀራረቡ ነው። እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው ወደ ሌላው ይሻገራል። ሚክ የማታውቀውን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ዶክተሩ ያልሰሙትን እናንተ ሰምታችኋል። አምስቱንም የምታውቋቸው እናንተ ብቻ ናችሁ፤ እነሱ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ቢገናኙ እንኳ ወሬ ያጣሉ። አንድ ቀን አራቱም እንግዶች በአጋጣሚ ሲንገር ክፍል ውስጥ ይገጣጠማሉ። ለየብቻ ሲመጡ አፋቸው የማይዘጋው ሰዎች ያን ቀን ስለ አየሩ ሁኔታ ሁለት ሦስት ቃል ተለዋውጠው ዝም ይላሉ።

ርዕሱን እንዴት እንረዳው?

ሐረጉ ዊሊያም ሻርፕ የተባለው ስኮትላንዳዊ ፊዮና ማክላውድ በሚል የሴት ስም ካሳተመው ግጥም የተወሰደ ነው። ማክለርስ ራሷ ሥራውን የጀመረችው «ዲዳው» በሚል ርዕስ ነበር።

በአማርኛ ግን እንግሊዝኛው የሌለው አንድ ነገር ይገኛል። «አዳኝ» ዳ ጠብቃ ስትነበብ ከአደን ናት፤ ላልታ ስትነበብ ከማዳን። በጽሑፍ ልዩነት የላቸውም። አራቱ ሰዎች ደግሞ ሲንገርን የሚያድኑት (ጠብቆ) የሚያድናቸው (ላልቶ) ስለመሰላቸው ነው። እንግሊዝኛው ርዕስ አደኑን ብቻ ይነግረናል፤ አማርኛው ሳያስበው ሌላውንም ጨመረበት። እኔ የመጽሐፉን ግማሽ የገባኝ እዚህ ቃል ላይ ቆሜ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሲንገር የማይናገር ሰው ከሆነ ሁሉም ወደ እሱ የሚሄደው ለምንድን ነው?

የማይናገር ስለሆነ ነዋ። ሲንገር ከንፈር ያነብባል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ ፈገግ ይላል። ያን የራስ መነቅነቅ እያንዳንዱ እንደ ፍላጎቱ ይተረጉመዋል። ጄክ አብዮቱ የገባው ሰው ነው ብሎ ያምናል። ሚክ ቤትሆቨንን እንደሚያውቅ ትገምታለች፤ አንድም ድምፅ ሰምቶ ለማያውቅ ሰው! ዶክተር ኮፕላንድ ደግሞ ከነጮች መካከል የተገኘ አንድ ጻድቅ አድርገው ይወስዱታል።

ሲንገር ግን አብዛኛው የሚሉት አይገባውም። የሚያስበው አንቶናፑሎስን ነው። ለጓደኛው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ስለ አራቱ እንግዶቹም እየተገረመ ይተርክለታል። ጓደኛው ማንበብ አይችልም፤ ሲንገርም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ደብዳቤዎቹ ኪሱ ውስጥ ታጥፈው ይቆዩና ሲቆሽሹ ይቀደዳሉ። አንዱንም ፖስታ ቤት አላደረሰውም። አራቱ ሰዎች በሲንገር ላይ የሚሠሩትን እሱም በአንቶናፑሎስ ላይ ይሠራዋል። አንቶናፑሎስ ደግሞ የሚወደው ምግብ ነው።

ብዙ ሰው መጽሐፉን «ሰው ሰውን አይሰማም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሲዘጋው እሰማለሁ። እኔ ከዚህ ትንሽ የከፋ ነው ባይ ነኝ። እነዚህ ሰዎች የሚሰማቸው ቢያገኙ እንኳ አይፈልጉትም፤ የሚመልስ ሰው ይቃወማላ። የሚፈልጉት ዝም ብሎ የሚቀበል ነው።

ልቦለዱ ስለ ዘር ነው ወይስ ስለ ብቸኝነት?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። መጀመሪያ ሳነበው እኔም ስለ ብቸኝነት ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት። የዶክተር ኮፕላንድን ምዕራፎች እየተጣደፍኩ አነበብኳቸው፤ ሙዚቃውና ልጅቷ ናቸው የጎተቱኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ስመለስበት ግን መጽሐፉ የቆመው በሳቸው ላይ እንደሆነ አየሁ።

የአራቱ ብቸኝነት እኩል አይደለም። ቢፍ ብቸኛ ቢሆንም ካፌ አለው። ጄክ ብቸኛ ቢሆንም ሻንጣውን አንጠልጥሎ ሌላ ከተማ መሄድ ይችላል። ሚክ ሌሊት በሰዎች ግቢ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ከመስኮት የሚወጣ የሬዲዮ ሙዚቃ ትሰማለች። ነጭ ልጅ ስለሆነች ብትያዝ ተቆጥተው ይለቋታል። አንድ ጥቁር ልጅ ያንኑ ቢያደርግ ምን ይገጥመው ነበር? መጽሐፉ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ መልሱ ግን ሌሎቹ ምዕራፎች ውስጥ አለ።

የኮፕላንድ ብቸኝነት በሕግ የተጻፈ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 «ተለያይተው፣ ግን እኩል» የሚለውን መርህ አጽድቆ ነበር፤ በትምህርት ቤቶች ላይ የሻረው በ1954 ነው። ልቦለዱ የሚገኘው በእነዚህ ሁለት ዓመቶች መካከል ነው፤ በዚያ ዘመን ባቡሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሆስፒታሉም በዘር ተከፍሏል። ሐኪሙ ከነጩ ከተማ ተገልለዋል። ይባስ ብሎ ከራሳቸው ሰዎችም ተነጥለዋል። ፈላስፎቹን ስፒኖዛንና ማርክስን ያነብባሉ፤ አንዱን ልጃቸውን ካርል ማርክስ ብለው ሰይመዋል፤ ልጆቻቸው ግን እንዲሆኑላቸው የፈለጉትን አልሆኑም። ሚስታቸው ልጆቹን ይዛ ከቤት ወጥታለች። እጃቸውንም አንስተውባት ነበር፤ ማክለርስ ይህን አልደበቀችም።

መጀመሪያ የምናገኛቸው ወጥ ቤታቸው ውስጥ ጨለማ ላይ ተቀምጠው ነው። ብርሃኑ ከምድጃው ስንጥቅ የሚወጣው ቀይ ፍም ብቻ ነው። ልጃቸው ፖርሺያ መጥታ መብራት ለምን እንዳላበሩ ትጠይቃለች። ጨለማው ይስማማኛል ይሏታል። አባትና ልጅ ሲነጋገሩ እሷ የአካባቢውን የሕዝብ እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ እሳቸው አንዲት ቃል ሳያሳጥሩ፣ እንደ መጽሐፍ ይመልሳሉ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ቋንቋ አለ። በዚያች ከተማ ያዋለዷቸው ብዙ ሕፃናት ስማቸው የወጣው በሳቸው ስም ነው፤ እራት አብሯቸው የሚበላ ሰው ግን የለም።

ስለዚህ ስለ ሁለቱም ነው፤ ግን «የሰው ልጅ ሁሉ ብቸኛ ነው» ብሎ ማለፍ ሐኪሙን ለሁለተኛ ጊዜ ከክፍሉ ማስወጣት ይሆናል።

ሐኪሙን «አንቱ» የምትላቸው ለምንድን ነው? ሌሎቹን «እሱ» ነው የምትለው።

ሆን ብዬ ነው። በዚያ ዘመን በደቡቡ ነጮች ለጥቁር ሰው «ሚስተር» የሚለውን ማዕረግ ይነፍጉት ነበር፤ ሽበት የወረሰውን ሰው በመጀመሪያ ስሙ ወይም «አንተ ልጅ» ብለው ይጠሩታል። እንግሊዝኛው አንተና አንቱ ስለማይለይ ስድቡ የሚታወቀው በአጠራሩና በድምፁ ነው። አማርኛ ግን እያንዳንዱ ግሥ ላይ ያስመርጣችኋል።

አንድ ቦታ ላይ ዶክተሩ በእስር ላይ ስላለው ልጃቸው ዳኛውን ለማነጋገር ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ኮሪደር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ምክትል ሸሪፍ ይመጣና ጠጥተሃል፣ ትንፋሽህ ይሸታል ይላቸዋል። ያ ሐሰት ነው ብለው ገና ሳይጨርሱ ፊታቸውን በጥፊ ያጮላቸዋል፤ ከዚያ ወህኒ ይወረወራሉ። ይህን ክፍል አማርኛ ውስጥ ስታስቡት «ጠጥተሃል» የሚለው ከጥፊው ቀድሞ የተሰነዘረ ምት ነው። እኔ ተርጓሚ ብሆን ሌላውን ቦታ ሁሉ አንቱ ብዬ እዚህች ኮሪደር ላይ ብቻ እሰብረው ነበር።

ዊሊ ላይ የደረሰው ምንድን ነው? (ምስጢር ያወጣል)

ዊሊ የዶክተሩ ትንሹ ልጅ ነው። በጠብ ሰው በምላጭ አቁስሎ ይታሰራል። እስር ቤት ውስጥ እሱና ሁለት ጓደኞቹ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይዘጋባቸዋል፤ እግራቸው ከጣሪያ በወረደ ገመድ ወደ ላይ ታስሮ ሦስት ቀን ይቆያሉ። ይጮኻሉ፤ የሚመጣ የለም። የዊሊ ሁለቱም እግሮች ይቆረጣሉ።

ፖርሺያ ይህን የምትናገረው ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ነው፤ ዝቅ ያለ ዜማ ይመስላል። ዊሊ እቤት ከተመለሰ በኋላ የሚላት አንዲት ነገር አለች፤ እየተንተባተበ እግሮቼ የት እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ አልመለሱልኝም ይላል። እዚህ ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣ ብዬ ተመልሻለሁ። ተመሳሳይ ነገር ከገጠማችሁ ንባቡን አልተሳሳታችሁም።

ኮፕላንድና ብላውንት አንድ ዓይነት ሐሳብ እያላቸው የማይግባቡት ለምንድን ነው?

ሁለቱም ማርክስን አንብበዋል፤ ሁለቱም ፍትሕ ይርባቸዋል። አንድ ሌሊት እስኪነጋ ያወራሉ። ሐኪሙ በሳንባ ነቀርሳ አልጋ ላይ ናቸው፤ ጄክ ጠጥቷል። ለጥቂት ሰዓት የሚግባቡ ይመስላል። ከዚያ «ምን እናድርግ?» ይመጣል። ጄክ ዊሊን በጋሪ ላይ አስቀምጦ በየከተማው እየዞረ ታሪኩን ሊያስነግር ይፈልጋል። ሐኪሙ ከሺህ በላይ ጥቁሮችን አስከትለው በነሐሴ ወደ ዋሽንግተን ሊዘምቱ ያልማሉ። አንዱ የሌላውን ዕቅድ ይንቃል፤ ጎሕ ሲቀድ ተሰዳድበው ይለያያሉ።

የሚገርመው ልቦለዱ ከወጣ ከ23 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1963፣ ሩብ ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ዋሽንግተን ላይ ተሰለፈ። የአረጋዊው ቅዠት ሲነበብ ሞኝነት ይመስላል፤ ሞኝነት አልነበረም። የጄክ ዕቅድ ላይ ሌላ ነገር ልብ በሉ፦ ዊሊን አንድ ጊዜ እንኳ ትፈቅዳለህ ወይ ብሎ አልጠየቀውም።

ነጭ ደራሲ የጥቁርን ሕይወት እንዴት ልትጽፍ ቻለች?

መጽሐፉ በወጣበት ዓመት ሪቻርድ ራይት «ኒው ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሔት ላይ ገምግሞት ነበር። ራሱ ጥቁር ደራሲ ነው፤ የራሱ ታላቅ ልቦለድም በዚያው በ1940 ወጥቷል። በደቡቡ ልብ ወለድ አንድ ነጭ ጸሐፊ ጥቁር ገጸ ባሕርያትን የራሱን ወገን በሚጽፍበት ቅለትና ፍትሕ ሲጽፍ የመጀመሪያ ጊዜ ነው ብሎ መሰከረላት። ቀላል ምስክርነት አይደለም።

ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም። ፖርሺያ አንዳንዴ የትዕግሥት ሐውልት ትሆናለች፤ የራሷ ምኞት ምን እንደሆነ ብዙም አይነገረንም። የአነጋገሯ አጻጻፍም ዛሬ ለሚያነበው ጆሮ ይኮሰኩሳል። ሐኪሙ በተቃራኒው ሙሉ ሰው ናቸው፦ ትዕቢተኛ፣ ደግ፣ ቁጡ፣ የሚያሳፍሩ ሐሳቦችም ያሏቸው። ድሀ ጥቁሮች ጥቂት ልጅ ብቻ እንዲወልዱ የሚሰብኩት በዘር ማሻሻል ቋንቋ ነው፤ ዛሬ ስናነበው ያሸማቅቃል። ተጎጂን ቅዱስ አድርጎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ማክለርስ በሳቸው ላይ ይህን አላደረገችም።

የዘር ስድብ ቃላት አሉት?

አሉት፣ በብዛት። ሰዎቹ በዘመኑ አፍ ነው የሚናገሩት። ክፍል ውስጥ ወይም በንባብ ቡድን ጮክ ብላችሁ የምታነቡ ከሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

እንግሊዝኛው ይከብዳል?

ከምታስቡት ይቀላል። ዓረፍተ ነገሮቿ አጫጭርና ግልጽ ናቸው። የሚያደናቅፈው የፖርሺያና የዊሊ አነጋገር ነው፤ እሱን በዓይን ከመጎተት ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፣ ጆሮ ይፈታዋል። የጄክ ረጃጅም ንግግሮች ደግሞ ያሰለቻሉ፤ ማሰልቸት የታሰበ ይመስለኛል፤ ቢሆንም አንድ ሁለት ገጽ ብትዘሉ ሰማይ አይወድቅም።

አደረጃጀቱን ማወቅ ይረዳል። ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያው ሰዎቹን ያስተዋውቃል፤ ሁለተኛው ረጅሙ ነው፤ ሦስተኛው በአንድ ቀን፣ በነሐሴ 1939፣ ያልቃል፦ ጠዋት ከሐኪሙ ጋር፣ ከሰዓት ከጄክ፣ ምሽት ከሚክ፣ ሌሊት ከቢፍ። ማክለርስ በልጅነቷ ፒያኖ ተምራለች፤ ድምፆቹ እየተቀባበሉ እንደሚሄዱበት የፉግ ሙዚቃ አድርጋ እንዳቀደችው በመነሻ ዕቅዷ ላይ ጽፋለች። መሃል ላይ «ታሪኩ የት ሄደ?» ካላችሁ ያው ነው፤ ሌላ ድምፅ ተራውን ወስዷል።

ሲንገር ለምን እንዲያ አደረገ? (ምስጢር ያወጣል)

አንቶናፑሎስን ሊጠይቅ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ሲደርስ ሞቷል ይሉታል። ተመልሶ ራሱን ያጠፋል። ብዙዎች «በድንገት መጣብኝ» ይሉኛል። እስቲ ከዚያ በፊት ያለችውን ትንሽ ትዕይንት መለስ ብላችሁ እዩ። ሲንገር አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ሦስት መስማት የተሳናቸው ሰዎች በእጃቸው ሲያወሩ ያገኛል። ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች! ሄዶ ይቀላቀላቸዋል፤ ይጠይቁታል፤ ስሙንና ከተማውን ከነገራቸው፣ አንቶናፑሎስን ያውቁ እንደሆነም ከጠየቃቸው በኋላ ግን የሚለው ያጣል፤ እጆቹ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። የቋንቋ እጦት ቢሆን ኖሮ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያበቃ ነበር።

መጨረሻው ተስፋ አለው? (ምስጢር ያወጣል)

ጥቂት። ሚክ ትምህርቷን ትታ የርካሽ ዕቃ መደብር ውስጥ ትቀጠራለች፤ ሙዚቃው ከውስጧ እንደራቀ ይሰማታል፤ ሆኖም አንድ ቀን ፒያኖ እገዛለሁ እያለች ከራሷ ጋር ትሟገታለች። ሐኪሙ ታመው በበቅሎ ጋሪ ወደ ዘመዶቻቸው እርሻ ይወሰዳሉ፤ መናገር የፈለጉት ገና አላለቀም፣ ድምፃቸው ግን የለም። ቢፍ ሌሊት ብቻውን ካፌው ውስጥ ነው፤ ሬዲዮው ሂትለር በዳንዚግ ከተማ ላይ ስለቆሰቆሰው ቀውስ ያወራል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሥር ቀን ያህል ቀርቶታል። ቢፍ ይህን አያውቅም፤ ማክለርስ ግን ስታሳትመው ታውቅ ነበር።

ከፊልሙ ብጀምርስ?

ፊልሙ የ1968 ነው፤ አለን አርኪን ሲንገርን፣ ሶንድራ ሎክ ሚክን ሆነው ተጫውተዋል፤ ሁለቱም ለኦስካር ታጭተዋል። ሲስሊ ታይሰንም ፖርሺያን ሆና አለች። ጊዜው ወደ 1960ዎቹ ተስቧል፤ ስለዚህ ያ ሁሉ የጦርነት ዋዜማ ድባብ የለም። ደግ ፊልም ነው፤ ቢሆንም መጽሐፉን አስቀድሙ። አንዴ የአርኪንን ፊት ካያችሁ በኋላ የራሳችሁን ሲንገር መሳል ይቸግራችኋል።